የጋሽ አሰፋ ሰላምታና የፎም አውሮፕላኔ

ተረትና ምሳሌዎቻችንን ልብ ብላችሁ ካያችኋቸው ሁሉም ለረጋ ሰው ያደላሉ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይሉናል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይሉናል። ትንሽ ቁጭ ብድግ ካበዛን ደግሞ «የረጋ ወተት ቅቤ ይወጣዋል» ብለው አፋችንን ያሲዙናል። እኔ በዚህ በመጨረሻው ላይ የቆየ ቅሬታ አለኝ። ወተት ዝም ብሎ ስለረጋ ብቻ ቅቤ ሲወጣው ያየ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ከረጋ በኋላ አንድ ሰው ተቀምጦ ሊንጠው ይገባል፤ ወዲያና ወዲህ፣ ወዲያና ወዲህ፣ ክንዱ እስኪዝል። ቅቤው ሲወጣ ግን ምስጋናውን የሚወስደው ወተቱ ነው። የናጠው ሰው ስም የትም አይነሳም።

እኔ ከናጮቹ ወገን ነኝ። ቁንጥንጥ ሆኜ ተወለድኩ፣ ቁንጥንጥ ሆኜ አደግሁ፣ ቁንጥንጥነቴን ይዤ ሚኒሶታ ገባሁ። ዌስት ሴንት ፖል አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ውስጥ ነው የምሠራው፤ እዚያ ይህ ጠባዬ ያስመሰግነኛል እንጂ አያስነቅፈኝም። ደወሉ ጮሆ ሳያልቅ በሩ ላይ ነኝ። ችግሩ ስቀመጥ ነው። ስቀመጥ ቀኝ እግሬ ያለ እኔ ፈቃድ ጠረጴዛ ሥር መርገብገብ ይጀምራል፤ ጠረጴዛው ይከተለዋል፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሁሉ ይከተላል። ሰው ቀና ብሎ ሲያየኝ አቆማለሁ። ወዲያው ግራው ይተካዋል።

ይህ ሁሉ ጉዳት የማያመጣ ጠባይ ሆኖ ይኖር ነበር፣ ምሕረትን ባልወድ ኖሮ። ምሕረት ቡርንስቪል ከአባቷ ጋር የምትኖር፣ መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ ንግግሯ አጭር የሆነ ልጅ ነበረች። እኔ አንድ ነገር ለማለት ሰፈሩን ሁሉ ዞሬ ስመጣ እሷ መድረሻው ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። እናቷ በልጅነቷ ነው ያረፈችው። አባቷ ጋሽ አሰፋ ናቸው ብቻቸውን ያሳደጓት፤ ፀጉሯን መጎንጎን ሳይቀር ተምረው። እንጋባ ስላት ጥቂት አሰበችና «አባቴ እሺ ሳይል አላገባህም፤ እሺ ባይልም ሌላ አላገባም» አለችኝ። እንግዲህ አስቡት። በሁለቱም በኩል የተቆለፈ በር ነው፤ ቁልፉ ያለው ጋሽ አሰፋ ኪስ ውስጥ።

ጋሽ አሰፋ ደግሞ እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው። አዲስ አበባ ሳሉ ማተሚያ ቤት ውስጥ የእርሳስ ፊደል አንድ በአንድ እየለቀሙ ገጽ ሲያቆሙ የኖሩ፣ በዚህም የተነሳ ይሁን በተፈጥሯቸው፣ ምንም ነገር ከመካከሉ የማይጀምሩ ሰው። በተለይ ሰላምታ። ጋሽ አሰፋ እጅዎን ከያዙ ሰላምታው ሳያልቅ አይለቁም። ጤናዎን ይጠይቃሉ፣ መልሱን ይጠብቃሉ፤ ሥራዎን፣ ቤተሰብዎን፣ አገር ቤት ያሉትን በየተራ። ከእኔ በፊት አንድ ጥሩ ሥራ ያለው ሰው ምሕረትን ፈልጎ ነበር አሉ። ሰላምታው መካከል ላይ ሰዓቱን አየ። ከዚያ በኋላ ስለ እሱ የተነገረ ነገር የለም።

ምንም አሜሪካ ቢሆን፣ ምንም ሁለታችንም ደመወዝተኛ ብንሆን፣ ሽማግሌ መላክ ግድ ነበርና ሦስት ሰው ላክሁ። ሁለቱ የቤተ ክርስቲያናችን ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ሦስተኛው ጓደኛዬ ከማል ነው፤ ሲዋርድ ሰፈር ውስጥ ሃላል ሥጋና ቅመማ ቅመም የሚሸጥባት አንዲት ጠባብ ሱቅ ያለችው። ሙስሊም ለክርስቲያን ሽማግሌ ይሄዳል ወይ ያላችሁ እንደሆነ፣ ከማል የወሎ ልጅ ነው፤ ወሎ ላይ ይህን ብትጠይቁ ጤናችሁን ይጠራጠራሉ።

ሽማግሌዎቹ የሄዱት ጾሙ ሊያዝ ሲል ነው። ጋሽ አሰፋ በአክብሮት ተቀበሏቸው፣ አዳመጧቸው፣ ከዚያም እንዲህ አሉ፦ «ልጁ መጥፎ ነው አልልም። ግን አንድ ክርስትና ላይ ጠረጴዛ ተጋርተን ነበር። ሻዬ ከብርጭቆው ወጥቶ ፈሰሰ። እግሩ የማያርፍ ሰው ልቡስ ያርፋል? ለማንኛውም ፋሲካን እንዋልና ኑ፤ እስከዚያ እኔም ልጠያይቅ።»

ከሁዳዴ መግቢያ እስከ ፋሲካ ድረስ ስንት ቀን እንዳለ የምትጾሙ ታውቁታላችሁ። መልስ ለሚጠብቅ ቁንጥንጥ ሰው ግን ያ ጾም ሌላ ጾም ነው። እንቅልፍ አጣሁ። ሥራ ቦታ የተነጠፈውን አልጋ ደግሜ አነጥፋለሁ። ኦቨርታይም እየለመንኩ እሠራ ጀመር። ሥራ በሌለኝ ቀን ከማል ሱቅ ሄጄ የሩዝ ከረጢት ከዚህ ወደዚያ አዛውራለሁ፤ በማግስቱ ከዚያ ወደዚህ እመልሳለሁ።

ከማል አንድ ቀን ከረጢቱን ከእጄ ቀማኝና ወደ ጓዳው አስገባኝ። «አብሽር፣ ለአንተ የሚሆን መድኃኒት አለኝ» አለኝ። ጓዳው ውስጥ፣ ከዘይት ጄሪካኖቹ በላይ፣ በጣሪያው ገመድ የተንጠለጠሉ አውሮፕላኖች ነበሩ። ሰማያዊዎች። ከምን እንደተሠሩ ቀረብ ብዬ ሳይ ቤት እንዳይበርድ ግድግዳ ውስጥ የሚወተፈው ያ ሰማያዊ ፎም ነው! ከማል ኢንተርኔት ላይ ፈረንጆች ለጀማሪ ብለው በነፃ የሚለጥፉትን ንድፍ አውጥቶ፣ ፎሙን በስለት ቆርጦ፣ በሚሞቅ ማስቲሽ አጣብቆ፣ በካርቶን ፕላስተር ጠቅልሎ፣ ክንፉ እንዳይታጠፍ ሥጋ የሚሰካበትን የቀርከሃ እንጨት ውስጡ ቀብሮ የሠራቸው ናቸው። ክንፉ ከሆዱ ጋር የሚያያዘው በላስቲክ ብቻ ነው፤ ሲወድቅ ከመሰበር ተነቅሎ እንዲወጣ። «ሲወድቅ» ማለቱን አስተውሉ። «ከወደቀ» አላለም።

«እጅህ ሥራ ካገኘ እግርህ ያርፋል» አለ ከማል። ምክንያታዊ መሰለኝ። ጋሽ አሰፋ ዘንድ ረግቼ የምቀመጥበት መንገድ ይህ ከሆነ ለምን ሰማይ አልወጣም?

የበረዶው ወራት ገና አላለቀም ነበርና ቡርንስቪል አጠገብ ሰው የማይደርስበት አንድ ሰፊ ሜዳ ላይ ወጣን። በረዶ ለጀማሪ እንደ ፍራሽ ነው፤ ከማልም ያሰበው ይህንኑ ነው። ሪሞቱ ሁለት ስቲክ አለው። የግራው ሞተሩን ያዛል፤ ያስቀመጡት ቦታ ይቀራል። የቀኙ ወዴት እንደሚዞርና ከፍ ዝቅ እንደሚል ያዛል፤ እጅ ሲለቁት ወደ መካከሉ ይመለሳል። ከላዩ ከክንድ የሚረዝም አንቴና ተመዝዞ ይወጣል። ነገሩ ይኸው ነው። ልጅም ይችለዋል ትላላችሁ።

አይደለም። አውሮፕላኑ ከእናንተ ሲርቅ ቀኝ ቀኝ ነው፣ ግራም ግራ ነው። ዞሮ ወደ እናንተ ሲመጣ ግን ቀኝ ያላችሁት ግራ ይሆናል። ያን ጊዜ አሳቢ ሰው ቆም ይላል። እኔ ቆም የሚል አካል የለኝም። ቀኝ እለዋለሁ፣ ግራ ይሄዳል፤ ደንግጬ አብዝቼ ቀኝ እለዋለሁ፣ አብዝቶ ግራ ይሄዳል፤ ከዚያ ጅራቱ ብቻ ከበረዶው ብቅ ብሎ ይታየኛል። ከማል መላ ነገረኝ፦ ወደ አንተ ሲመጣ ግራና ቀኝ አትቁጠር፣ ዝቅ ወዳለው ክንፍ ስቲኩን ግፋ፣ እንደ ምርኩዝ አስደግፈው። መላው ጥሩ ነው። እኔ ግን ሁለቱንም ክንፍ በአንድ ጊዜ ላስደግፍ እፈልጋለሁ።

አንድ ሌላም ነገር ነገረኝ፤ ያኔ አልገባኝም። የጀማሪ አውሮፕላን ክንፉ ቀጥ ያለ አይደለም፤ ሁለቱ ጫፎች ትንሽ ወደ ላይ ቀና ያሉ ናቸው። ለምን? ሲያዘነብል ራሱን እንዲመልስ። ስቲኩን ብትለቀው ለብቻው ይስተካከላል። «ወላሂ ልንገርህ፣ ይህ አውሮፕላን መብረር ይችላል» አለኝ ከማል። «የሚከለክለው አንተ ነህ። ሪላክስ አድርግና እጅህን አንሳለት።»

እጅህን አንሳለት! ጠብታ ላብ በጀርባዬ እየወረደ፣ ሰማይ ላይ ያለው ብቸኛ ነገር በእኔ አውራ ጣት እየተንጠለጠለ፣ እጄን ላንሳለት? ለማን ትቼው?

እንዲህ እንዲህ እያልን በረዶው ቀለጠ። ከበረዶው በታች መሬት ነበር። የአውሮፕላኔ ሰማያዊ ቀለም በፕላስተር ብዛት ጠፋ፤ አፍንጫው ከተሽከርካሪ ወንበር ላይ የወደቀ በሽተኛ ግንባር መሰለ፤ እኔም በሙያዬ እጠቀልለዋለሁ። በየቀኑ ከሥራ ስወጣ ዓይኔ የዛፍ ጫፍ ላይ ነው፤ ነፋስ አለ ወይስ የለም? ከማል ተስፋ አልቆረጠም። ሱቁ ላይ ግን ወደ ጓዳው ስገባ አውሮፕላኖቹን ይቆጥር ጀመር።

ከዚህ የባሰው ወሬው ነው። አንዲት የቤተ ክርስቲያናችን እናት በመኪና ሲያልፉ ሜዳው ላይ ወዲህ ወዲያ ስሮጥ አይተውኝ ኖሯል። ወሬ በዚህ ከተማ ከአውቶቡስ ይፈጥናል። ጋሽ አሰፋ ጆሮ ሲደርስ እንዲህ ሆኖ ነበር፦ ምሕረትን የጠየቀው ሰውዬ፣ ሽበቱ ብቅ እያለ፣ ሜዳ ለሜዳ መጫወቻ አውሮፕላን እያሳደደ ይውላል። ምሕረት ይህን በስልክ ስትነግረኝ ድምፅዋ እንደ ወትሮው አጭር ነበር። «እሱን ነገር ተወው» አለች። ቀጥላም «ወይም በደንብ አብርረው» አለችኝ። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። በደንብ ማብረር የማልችል መሆኔን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ፋሲካ ዋለ። ሽማግሌዎቹ ለመልሱ ሊሄዱ የቀራቸው ከቅዳሜ እስከ እሑድ ብቻ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ልቤ ቤት ውስጥ አልቀመጥ ብሎኝ ከማልን ይዤ ሜዳው ወጣሁ። ነፋሱ ጸጥ ብሏል። ከማል አውሮፕላኑን በእጁ ከፍ አድርጎ ወረወረልኝ፤ እየተንገዳገደም ቢሆን ወጣ። ዛፎቹን አለፈ። አንድ ጊዜ አዞርኩት፣ አልወደቀም። እስትንፋሴን ይዤ ደገምኩት። በዚህ መካከል ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጮኸ። ማን ያነሳዋል? ጮሆ ጮሆ ዝም አለ። እንደገና ጮኸ።

በኋላ እንደሰማሁት ጋሽ አሰፋ በምሕረት መኪና ከገበያ ሲመለሱ «እስቲ በዚያ በሜዳው በኩል እንለፍ» ብለዋታል። እሷ «ነዳጅ ልሙላ» ብላ ወርዳ ከነዳጅ ማደያው ነው የምትደውልልኝ፤ ላስጠነቅቀው ብላ።

የመኪና በር ሲዘጋ ሰማሁ። ዞር ብዬ ሳይ ጋሽ አሰፋ ባርኔጣቸውን አስተካክለው፣ በሣሩ ላይ እየተራመዱ፣ ፊደል እንደሚለቅም ሰው ቀስ ብለው እየመጡ ነው። ወደ ከማል ዞርኩ፤ ሪሞቱን ላስይዘው። ከማል አጠገቤ የለም! እሱ ራሱ ሽማግሌ አይደል፤ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ እየሮጠ ሊቀበላቸው ሄዷል። እኔን ከነአውሮፕላኔ ትቶኝ። እሳቸውም የእሱን ሰላምታ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አደረሱና ወደ እኔ አለፉ። እጃቸውን ዘረጉ።

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ላሳርፈው እንዳልል፣ ማሳረፍ የምለው ነገር ሁሉ እስከዚያች ቀን መከስከስ ነበር፤ እሳቸው ፊት። ሪሞቱን በግራ ይዤ በቀኝ ልጨብጣቸው እንዳልል፣ በአንድ እጅ፣ ለዚያውም ዓይን ሰማይ ላይ ተተክሎ፣ ለአባቷ ሰላምታ መስጠት ካለመስጠት ይብሳል። በሁለት እጄ ከነሪሞቱ ጎንበስ ብልም ያ ረጅም አንቴና ቀጥታ ዓይናቸው ውስጥ ይገባል። አውሮፕላኑ ወይስ ምሕረት? እንዲህ ሲቀመጥ ቀላል ይመስላል። ጣቶቼን ግን አንድ በአንድ ከስቲኩ ማላቀቅ ነበረብኝ።

ሪሞቱን ሣሩ ላይ አስቀመጥኩት። ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ጨበጥኳቸው።

«እንደምን ዋልክ ብሩክ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጋሼ። እርስዎ እንደምን ዋሉ?»

«ይመስገን። ጤናህስ?»

ጤናዬን ጠየቁ። ከጭንቅላቴ በላይ ሞተሩ እንደ ትንኝ ይሰማኛል፤ ራቀ። ሥራዬን ጠየቁ፤ ድምፁ ተመለሰ። ቀና ብዬ ብመለከት ሰዓቱን ያየውን ሰውዬ እሆናለሁ፤ ስለዚህ ዓይኔን ከሸሚዛቸው ቁልፍ አልነቀልኩም። አገር ቤት ያሉትን እናቴን ጠየቁ። ክንፍ የሚመስል ጥላ በሁለታችን መካከል ሣሩን አቋርጦ በጫማቸው ላይ አለፈ። እሳቸው አላዩትም። እኔ ጫማዬ ውስጥ ጣቶቼን ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ እላለሁ፤ እግሬን ግን እንዳይንቀሳቀስ በሙሉ ክብደቴ ረግጬ ይዤዋለሁ። እህቶቼን ጠየቁ።

ከዚያ ድምፁ ቆመ። ባትሪው ማለቁ ነው። «ሁሉም ደህና ናቸው፣ ጋሼ» አልኩና የሚመጣውን ጠበቅሁ፤ ያንን ፎም መሬት ሲመታ የሚያሰማውን ድምፅ በልቤ አውቀዋለሁ። አልመጣም። በስተኋላዬ ከማል ብቻ፣ በሹክሹክታ፣ «ሱብሃነላህ» ሲል ሰማሁ።

ጋሽ አሰፋ እጄን ለቀቁኝ። ዞርኩ። አውሮፕላኔ ከእኛ ትንሽ ራቅ ብሎ ሣሩ ላይ ቁጭ ብሏል፤ ክንፉ በቦታው፣ አፍንጫው በቦታው፣ ላስቲኩ እንኳን አልተነቀለም። በኋላ ከማል እንደነገረኝ እጄን ካነሳሁበት ጊዜ ጀምሮ መንገዳገዱን ትቶ፣ ሰፊ ክብ እየሠራ፣ ሞተሩ ሲጠፋም እየተንሳፈፈ መጥቶ ነው ያረፈው። ከዚያ በፊት እንዲህ አርፎ አያውቅም።

«ይሄ ነገር ያንተ ነው?» አሉኝ ጋሽ አሰፋ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ሳታየው ነው እንዴ የምታሳርፈው?»

እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። ከማል ሳል ያዘው። መኪናው አጠገብ ቆማ የነበረችው ምሕረት ፊቷን ወደ ሌላ አዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። «አንዳንዴ» አልኳቸው።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ሄዱ። ጋሽ አሰፋ ብዙ አላስጠበቋቸውም። ስለ እግሬ ተሳስቼ ነበር አሏቸው። «ሰው ሲመጣበት እጁ ላይ ያለውን አስቀምጦ ሰላም የሚል ልጅ ነው። ያውም በሰማይ ላይ ያለውን! ልቡ የረጋ ባይሆን ይህን አያደርግም። የረጋ ወተት ቅቤ ይወጣዋል፤ ልጄን ሰጥቻለሁ።» ከማል ይህን ሲነግረኝ ሱቁ ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ እግሬ የሩዙን ከረጢት እየመታ። ጫማዬ ውስጥ ስለነበረው ነገር ለጋሽ አሰፋ ተናግሬ አላውቅም። ምሕረት ታውቃለች። ሰርጋችን ላይ በጠረጴዛው ሥር ጉልበቴን ይዛ ነው የዋለችው።

ወጉ እዚህ ላይ ቢያልቅ ለረጉት ሌላ ድል ይሆን ነበር። አላለቀም። ሰርጉ ካለፈ በኋላ ጋሽ አሰፋ «እስቲ ያን ነገር አምጣው» አሉኝ። ገለባብጠው አዩት። የክንፉን ማጠፊያ በጣታቸው ዳሰሱት። በሳምንቱ ለእኔ ሳይነግሩኝ ከማልን አንድ አሠርተው ኖሯል።

አሁን ቅዳሜ ቤታቸው ምሳ ተጠርተን ስንሄድ ዓይናቸው መስኮቱ ላይ ነው፤ የዛፉ ጫፍ ይንቀሳቀስ እንደሆነ። ጠረጴዛው ይነቃነቃል። ምሕረት እኔን በክርኗ ትጎሽመኛለች፤ እኔ አይደለሁም።

ባለፈው ሜዳው ላይ አገኘኋቸው። እንደ ወጉ ጎንበስ ብዬ ሁለት እጄን ዘረጋሁና «እንደምን ዋሉ፣ ጋሼ?» አልኩ። ዞር አላሉም። ዓይናቸው ሰማይ ላይ፣ አውራ ጣታቸው ስቲኩ ላይ፣ «ቆይ፣ ቆይ! እየመጣ ነው!» አሉኝ። እጄን እንደዘረጋሁ ጠበቅሁ። ጎንበስ እንዳልኩ ዓይኔ እግሬ ላይ አረፈ፤ አይንቀሳቀስም። የሚንቀሳቀሰው የእሳቸው ነው።